የመገበሪያው ወፍጮና የእቴቴ ክንድ

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። የሰው እጅ ሲሰበር መጀመሪያ የሚጠየቀው «አመመሽ ወይ?» ተብሎ አይደለም? በሌላ አገር እንደዚያ ይመስለኛል። በእኛ በታች ጋይንት ግን «ምን ሠርተሽ ነው?» ተብሎ ነው የሚጠየቀው። እጁ የተሰበረ ሰው ጥፋቱ እስኪገኝለት ድረስ ወጌሻ እንኳ አይጠራለትም። እሱ አስታውሶ ካልተናገረ ጎረቤት ተባብሮ ይፈልግለታል። በዚህ በኩል ሰዉ ለጋስ ነው። ዘር ብትለምኑት ይሰስታል እንጂ ጥፋትስ ከየጓዳው እያወጣ ያበድራችኋል።

የተሰበረው የአክስቴ እጅ ነው። አክስቴን እቴቴ ነው የምላት። እናቴ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ፣ አራተኛ ክፍል እስክጨርስ አርብ ገበያ ትምህርት ቤት የላከችኝ፣ ከዚያም «ፊደሉስ ይበቃሻል፤ አሁን ጥጡን ፍተዪ» ብላ የመለሰችኝ እሷ ናት። ባሏ ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው፤ ልጅ አልወለደችም። በዚህ ዓለም ላይ አጥብቃ የምትመኘው ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ የመገበሪያ ስንዴ መፍጨት።

ለማያውቅ ልንገር። መገበሪያ ለቅዳሴው ኅብስት የሚሆነው ስንዴ ነው። ኅብስቱን የሚጋግሩት ዲያቆናት ናቸው፤ ስንዴውን ለቅማ፣ አጥባ፣ ፈጭታ የምታደርሰው ግን ሴት ናት። ሴት ስል ደግሞ ማንኛዋም ሴት አይደለችም። ወይ ገና ያልደረሰች ትንሽ ልጅ፣ ወይም ያ ነገር የተዋት ባልቴት መሆን አለባት። ያ ነገር ያልሁት ካህናቱ ልማደ አንስት የሚሉትን፣ በየወሩ የሚመጣውን ነው። ከእንግዲህ ስሙን አልጠራውም፤ አንዴ መጻፌም ጆሮዬን አቃጥሎታል። ትንንሾቹ ልጆች የታጠበውን ስንዴ እየቆረጠሙ ስላስቸገሩ በእኛ ደብር ከሥራው ከወጡ ቆይተዋል። ስለዚህ ወፍጮው የባልቴቶች ብቻ ሆነ።

ሌላዋ ሴት ያ ነገር ሲተዋት ትተክዛለች፣ እርጅና መጣብኝ ትላለች። እቴቴ ግን የከረመ እንግዳ አልሄድ እንዳለው ባለቤት ነበረች። በየወሩ «አሁንም አለህ?» እያለች ስታማርር ነው የማውቃት። በመጨረሻ ሄደ። ዓመት ሞልቶት እንዳልተመለሰ ካረጋገጠች በኋላ ነጠላዋን አጥባ ለንስሐ አባቷ ነገረች። የንስሐ አባቷ ለቄሰ ገበዙ ነገሩ። ቄሰ ገበዙ የቤተ ክርስቲያኑን ንዋይና ስንዴ የሚጠብቁ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር አያበዙም፤ «ትግባ» አሉ። የዚያን ቀን እቴቴ ስትሄድ ያያት ሰው ደጃዝማችነት የተሾመች ይመስለው ነበር።

በመገበሪያው ጎጆ ውስጥ ግን ከእሷ በፊት የነበሩ ሌላ ሴት አሉ። እትየ ዘርፌ ይባላሉ። ያችን ጎጆ ማን እንዳወረሳቸው እግዜር ይወቅ እንጂ እንደ አባት ርስት ነው የያዟት። ጀርባቸው ከመጉበጡ የተነሣ ሲራመዱ የወደቀ መርፌ የሚፈልጉ ይመስላሉ። ምላሳቸው ግን አንድም ቀን ጎብጦ አያውቅም። እቴቴ በገባችበት ዕለት «እንኳን ደህና መጣሽ» በማለት ፈንታ፣

«እርግጠኛ ነሽ?» አሏት።

«ስለምኑ?» አለች እቴቴ።

«ስለምኑማ ታውቂዋለሽ። ፊትሽ ገና ወዝ አለው።»

ወዝ መኖሩም ጥፋት ሆነ እንግዲህ። እቴቴ መጁን አንሥታ መፍጨት ጀመረች። ቤት ስትመጣ ግን ቅባት የሚባል ነገር ፊቷን እንዳይነካው ከለከለች። ተመልከቱ፤ ሰው ለክብሩ ሲል ስንት ነገር ይተዋል።

አደጋው የደረሰው በሁዳዴ ነው። በሁዳዴ በየቀኑ ይቀደሳል፤ በየቀኑ ከተቀደሰ በየቀኑ ይፈጫል። እኔ ከቤት የታጠበ ስንዴ ተሸክሜ ሄጄ ከጎጆው ደጃፍ ቆሜያለሁ። መግባት አይፈቀድልኝም፤ ለምን እንደማይፈቀድልኝ ከላይ ስለተናገርሁ አትጠይቁኝ። በበሩ በኩል አያታለሁ። እቴቴ ፈጭታ ጨረሰችና ዱቄቱን በሰፌድ ይዛ ልትነሣ ስትል የነጠላዋ ጫፍ ከእግሯ ሥር ነበር። ነጠላው ያዛት። ተመልሳ ቁጭ አለች። ስትቀመጥ በግራ እጇ መሬቱን ደገፍ አደረገችው።

ይኸው ነው። መውደቅ እንኳ አይባልም፤ ፈጠን ብሎ መቀመጥ ነው። እኔ ከደጅ ሆኜ ደረቅ ጭራሮ ሲቀነጠስ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ሰማሁ። ሳየው እጇ ከአንጓው ላይ ተቆልምሞ የእንጨት ማንኪያ መስሏል። ሰፌዱን በቀኝ እጇ አንሥታ ይዛዋለች፤ አንዲት ቁንጣሪ ዱቄት አልደፋችም። ለዚህ ያመሰገናት ሰው የለም።

አገራችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ የገደል አገር ነው። በጨጨሆ በኩል ዝንጀሮ እንኳ አማትቦ የሚያልፍበት ገደል አለ። ከዚያ ተንከባልሎ፣ ቁልቋል ላይ አርፎ፣ እሾሁን ነቅሎ ገበያው እንዳያመልጠው የሄደ ሰው አውቃለሁ። እንዲህ ባለ አገር፣ ጎጆ ውስጥ፣ በተለቀለቀ መሬት ላይ፣ ቁጭ ብሎ እጅ መስበር የሚታመን ነገር አይደለም። ጩኸቴን ሰምቶ የመጣው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው።

«ከየት ወደቀች?»

«አልወደቀችም፤ ተቀመጠች።»

«ታዲያ ማን መታት?»

«ማንም አልመታት!»

በዚህ ጊዜ እትየ ዘርፌ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ግን ሁሉም እንዲሰማው አድርገው፣ «ማን እንደመታትማ ይታወቃል» አሉና ወደ መቅደሱ አዩ።

ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ነገሩ ከእጃችን ወጣ። የእቴቴ እጅ ሳያብጥ ወሬው አበጠ። «ሳይተዋት ተወኝ ብላ ደፍራ ገብታለች፤ ስንዴውን ስትነካ መልአኩ እጇን መታት» ተባለ። ማታ ወደ ቤታችን የመጣው ጠያቂ ሁሉ «እግዜር ይማርሽ» አላለም፤ «እግዜር ይቅር ይበልሽ» ነበር የሚለው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የገባት እቴቴ በደኅናው እጇ በሩን ልትዘጋው ስትነሣ እኔ ነኝ የያዝኋት።

ወጌሻው አያ ደምለው በማግሥቱ መጣ። ለወትሮው የተሰበረ እጅ ሲያይ ፊቱ የሚበራ ሰው ነው። አሁን ግን በሩቁ ቆሞ አንገቱን ይነቀንቃል።

«ምን ትጠብቃለህ?» አለችው እቴቴ።

«እኔማ የሰው ወጌሻ ነኝ፣ እመቤቴ። መልአክ የሰበረውን ከጠገንሁ እኔን ማን ይጠግነኛል?»

«እኔ ነኝ የሰበርሁት! ቁጭ ብዬ!»

«ቁጭ ብሎ እጁን የሰበረ ሰው እስከ ዛሬ አላየሁም። የስንቱን አጥንት አስሬያለሁ፤ ሁሉም ቆሞ ወይም ሮጦ ነው የሚሰበረው።»

ብንለምነው፣ ብንገዝተው፣ በመጨረሻ አሰራት። ግን እንዴት አድርጎ? የቀርከሃ ስንጣሪውን ላላ አድርጎ። «ለመልአኩም ቅር እንዳይለው፣ ለአንቺም እንዳይከፋሽ፤ መካከለኛ አድርጌዋለሁ» አለን። መካከለኛ የታሰረ አጥንት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እጇ እንደ ዱባ አበጠ።

የባሰው ግን ገና ነበር። እቴቴ ከፈጨችው ዱቄት ተጋግሮ የተቀደሰውን ኅብስት የተቀበሉ ሰዎች አሉ። ከእነሱ መካከል አያ ካሳና ሚስታቸው እትየ ሙሉ ይገኛሉ። ልጅ ድረው፣ የልጅ ልጅ አይተው፣ አሁን በስተርጅና በቁርባን ተጋብተዋል። በቁርባን የተጋባ ሰው ከእንግዲህ መፋታት የለበትም። አያ ካሳ ወሬውን እንደ ሰሙ ምርኩዛቸውን ይዘው ቄሰ ገበዙ ቤት ሄዱ።

«አባቴ፣ መገበሪያው ከረከሰ ቁርባኑ ቁርባን አይደለም። ቁርባኑ ቁርባን ካልሆነ እኔ ከዚህች ሴትዮ ጋር የታሰርሁት በምንድን ነው?»

«በመጫኛ!» አሉ እትየ ሙሉ ከኋላቸው ተከትለው ኖሮ።

አያ ካሳ ሲጠይቁ ፊታቸው ላይ የነበረው ስጋት ነው እንዳልል ተስፋም ይመስል ነበር። ይህን አይቼ እንዴት አልናደድ? የአክስቴ እጅ ተሰብሮ ለሽማግሌ የመፋቻ ምክንያት ይሁን?

ሌላውም የቆረበ ሁሉ ተነሣ። ቄሰ ገበዙ ነገር የማያበዙ ሰው ሳሉ ነገር በዛባቸው። «እንግዲህ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ይጣራል» አሉ። «እስከዚያ ከወፍጮው ትራቅ። ዋሽታ ከሆነ ንስሐዋን ተቀብላ ዳግመኛ መገበሪያ አትነካም። እውነቷን ከሆነ ምስክር ታምጣ።»

ምስክር! ስለዚህ ነገር! የመጣ ነገር ምስክር ሊኖረው ይችላል፤ አለመምጣቱን ማን ቆሞ አየው? እኔ በአንድ ቤት ስለምኖር አውቃለሁ። ግን የቤት ልጅ ለአሳዳጊዋ ብትመሰክር ማን ያምናታል? ደግሞስ እኔ ለሰው ጤና ይስጥልኝ ስል እንኳ ወደ መሬት የማይ ሴት ነኝ። እቴቴ ደግሞ «ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ፤ ሁለተኛ ከአፌ አይወጣም» ብላ ጥርሷን ነከሰች። ከእጇ ይልቅ ወፍጮው አመማት። ስንዴ ሲታጠብ ባየች ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች።

እብጠቱ እየባሰ ሲሄድ የጎረቤት በቅሎ ለምኜ ጫንኋት። ንፋስ መውጫ አንድ ሐኪም ከርሟል ይባል ነበር። መንገዱን አልነግራችሁም፤ ዳገቱ ራሱ ይናገራል። ንፋስ መውጫም ስሟን በከንቱ አላገኘችም፤ ገና ስንገባ ነጠላዬን ከራሴ ገፍፋ አጥር ላይ ሰቀለችው። በመንገድ ያገኘን ሁሉ «ምን ሆና ነው?» ይላል። ነገር ለማሳጠር «ወድቄ» ትላለች። «ከበቅሎዋ?» ይላል። ሳንደርስ በቅሎዋም ስሟ ጠፋ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ መነጽር አድርጓል፤ አነጋገሩ የሸዋ ነው። ከግድግዳው ላይ የጃንሆይ ሥዕል አለ። በሩን ክፍት አድርጎታል፤ ደጅ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ጆሮውን ወደ ውስጥ አድርጎ ተቀምጧል።

«ምን ሆንሽ?» አላት።

እቴቴ ዘወር ብላ አየችኝ። «አንቺን ይጠይቅሻል» አለችኝ።

«አንቺን ነው፣ እናቴ።»

«እናቴ ካልህ እርስዎ በለኛ! እናትህን አንቺ ነው የምትላት?»

ሐኪሙ ደነገጠና «ይቅርታ እናቴ፤ ምን ሆኑ?» አለ። ያን ጊዜ ወደድሁት። መውደዴ ግን አልቆየም። ስንጣሪውን ፈታ፣ እጇን አገላብጦ አየ፣ እንዴት እንደሆነ ጠየቀ፤ መቀመጧን ነገረችው። እንደ ሌላው ሰው «ከየት ወደቁ?» አላለም። ራሱን ነቀነቀና፣

«ዕድሜዎ?» አለ።

«ጣሊያን ሲገባ የታጨሁ ልጅ ነበርሁ።»

በሐሳቡ አሰላና ድምፁን ሳይቀንስ፣ በሩን ሳይዘጋ፣ ያ ነገር ከቀረባት ስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቃት። ያውም ስሙን ጠርቶ! ደጅ ያለ አንድ ሽማግሌ አሳለው። እኔ የግድግዳውን ስንጥቅ መመልከት ጀመርሁ።

እቴቴ ፊቷ በርበሬ መሰለ። «እኔ እጄን ነው የሰበርሁት!»

«ለእጅዎ ነው የምጠይቅዎ።»

ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ዘርፌ እዚህም ልካበታለች» አለችኝ።

ከዚያ ወዲያ ለእኔ በሹክሹክታ ትነግረኛለች፤ እኔ ለሐኪሙ ወደ ግድግዳው ዞሬ በሹክሹክታ እነግረዋለሁ፤ ሐኪሙ ጮክ ብሎ ይደግመዋል። ደጅ ያለው ሕዝብ ሁሉንም ሰማ። ሚስጥር በሦስት ሰው አፍ አልፎ እንደዚያ ሲከበር አይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ያስረዳን። አጥንት የሞተ ድንጋይ አይደለም አለን። ውስጥ ለውስጥ ሁልጊዜ እየፈረሰ፣ ሁልጊዜ እየተሠራ የሚኖር ነገር ነው። ሴት ያ ነገር ሲተዋት፣ በሰውነቷ ውስጥ አጥንቷን ሲጠብቅላት የኖረው ነገር አብሮ ይቀንሳል። ያን ጊዜ የሚፈርሰው ከሚሠራው ይበልጣል። ከውጭ ሲያዩት ያው ነው፤ ከውስጥ ግን ይሳሳል። ወንድም ሲያረጅ ይሳሳል፤ የሴቷ ግን በእነዚያ ዓመታት ይፈጥናል። የእጅ አንጓ በትንሽ ድጋፍ ይሰበራል፤ የጀርባ አጥንትም ማንም ሳይነካው እየተጫነ ይሄድና ቁመት ያጥራል፣ ጀርባ ይጎብጣል።

«ታዲያ ባይተወኝ ኖሮ እጄ አይሰበርም ነበር?» አለች እቴቴ፤ ማፈሩን ረስታዋለች።

«እንዲህ በቀላሉ አይሰበርም ነበር።»

 እቴቴ በደኅናው እጇ ጭኗን መታ አደረገችና «አይ የኔ ነገር! ስንት ዓመት ሂድልኝ ሂድልኝ ስለው፣ አጥንቴን ዘርፎ ሄደ!» አለች።

እኔ ግን ሌላ ነገር ማሰብ ጀምሬ ነበር። ሐኪሙ የተናገረው እውነት ከሆነ፣ እጇ መሰበሩ የመዋሸቷ ምልክት አይደለም። እንዲያውም የእውነቷ ምስክር እሱ ነው።  ግን ደስ አላለኝም። ይህን በካህናት ፊት መናገር ያለበት ማን እንደሆነ ዙሪያዬን ባይ ከእኔ ሌላ ሰው ስላጣሁ ነው።

ሐኪሙ እጇን ስቦ አቃናና በጄሶ ጠቀለለው። ሲስበው እቴቴ አልጮኸችም፤ ሐኪሙ ግን «ወተት ይጠጡ፣ አይብም ይብሉ» ሲል ጮኸች።

«በሁዳዴ?!»

«እንግዲያው ጎመን ያብዙ፤ ሰሊጥም ይብሉ። ፀሐይ ይሙቁ፣ በእግርዎ ይሂዱ። ከባድ ነገር አያንሱ።»

«ወፍጮስ?»

«እጅዎ ሳይድን አይሆንም። ከዚያም በኋላ ቢተዉት ይሻላል።»

 ወፍጮውን ከመተው ይልቅ ሌላውን እጇን ቢሰብራት ትመርጥ ነበር።

ስንመለስ ደግሞ የጠበቀንን እዩልኝ። በመንደራችን ጄሶ አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ነጭና ጠንካራ ሆኖ ሲያዩት «መልአኩ እጇን ድንጋይ አደረገው» ተባለ። አንዲት ሴትዮ መጥታ በጥፍሯ መታ መታ አድርጋ አዳመጠችው። አያ ደምለውም አይቶት «ይኸው፤ እኔ አልነካም ያልሁት ወድጄ ነው?» አለ።

እሑድ ደረሰ። ቅዳሴው አለቀ። ካህናቱ ከደጀ ሰላሙ ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ ሕዝቡ ከጽዶቹ ሥር ሰፈረ። እቴቴ በነጠላዋ ጄሶውን ሸፍና ለብቻዋ ቆመች። ቄሰ ገበዙ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ምስክር አለሽ?»

«እግዜር አለ።»

«እሱማ ለሁላችንም አለ። ሰው?»

እኔ ከአንዱ ጽድ ኋላ ነበርሁ። እግሮቼ እንዴት እንዳወጡኝ አላውቅም፤ ራሴን መካከል ላይ ቆሜ አገኘሁት። ዓይኔን ከአንድ ጠጠር ላይ ተከልሁና ሐኪሙ ያለውን መናገር ጀመርሁ።

«ጮክ በይ!» አሉ ጆሯቸው የከበደው መሪጌታ።

ጮክ ያልሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ከቅርቤ ካሉት ከአያ ካሳ በቀር የሰማኝ የለም። እሳቸው ደግሞ ለጋብቻቸው ጉዳይ ቀድመው ከፊት ተቀምጠዋል። ዞረው በሙሉ ድምፃቸው፣ «ያ ነገር ስለተዋት ነው የተሰበረች ትላለች!» አሉ።

ከጽዶቹ ላይ ወፎች ተነሡ።

ከዚያ እኔ አንድ ቃል ሹክ ስል እሳቸው ለደብሩ ያውጃሉ። «አጥንቷ ከውስጥ ይሳሳል ትላለች!» «ሲፈርስ እንጂ ሲሠራ አያድርም ትላለች!» እንዲህ ያለ ነገር በወጣት ሴት ስም በሕዝብ ፊት ታወጀ። ዛሬም በገበያ ሰው ሲጠቁመኝ ስሜን አይጠራም፤ «ያን ነገር የተናገረችዋ» ነው የሚለኝ። እንግዲህ ባል አግኙልኝ!

«ሐኪሙ ክርስቲያን ነው?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ማዕተብ አስሯል።»

«ይጾማል?»

መዋሸት አልችልበትም። «ወተት ጠጪ ብሏታል» አልሁ።

አያ ካሳ ይህንንም አወጁት። ሕዝቡ አጉረመረመ። «በሁዳዴ መሆኑን ስትነግረው ጎመን ብሏል!» ብል ማን ይስማኝ።

እትየ ዘርፌ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወጡ። «ልጠይቅ፤ ያ ነገር የተዋት ሁሉ የምትሰበር ከሆነ እኔን ከተወኝ ስንት ዘመኑ ነው! ለምን አልተሰበርሁም?»

መሬት መሬቱን እያዩ ነው ይህን የሚናገሩት፤ ቀና ማለት ስለማይችሉ። ሕዝቡ ሁሉ ጀርባቸውን አየ። እኔ በእውነት ልናገረው አልፈለግሁም። አያ ካሳ ግን ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣

«ስለ ጀርባ ያለው ነገር የለም?» አሉኝ።

«አለ» አልሁ።

«ስለ ጀርባም ብሏል! ሳይነካው ይጎብጣል ብሏል!»

«የእኔ ጀርባ የጎበጠው በስግደት ነው!» ብለው ጮኹ እትየ ዘርፌ።

ያን ጊዜ እቴቴ ነጠላዋን ከጄሶው ላይ ገፈፈችና ቀረብ አለቻቸው። የሚማቱ መስሎኝ ነበር። ድምጿ ግን አልጮኸም።

«እትየ፣ እርስዎም እኔም ያው አንድ ወፍጮ ላይ ተንበርክከናል። የእርስዎ ጀርባ ሲጎብጥ ስግደት ተባለ፤ ይባል፤ የሰገዱትን እኔም አውቃለሁ። ታዲያ የእኔ እጅ ሲሰበር ስለምን ኃጢአት ይባላል? አጥንታችን አንድ አይደለም?»

  እትየ ዘርፌ ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ያለወትሯቸው በቀስታ፣ «እኔም ድሮ ከአንቺ በላይ ረዥም ነበርሁ» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ቄሰ ገበዙ ጢማቸውን ሲያሹ ቆዩና ፈረዱ። ሴትዮዋ አልዋሸችም። መገበሪያው ንጹሕ ነው። ቁርባኑም ቁርባን ነው። አያ ካሳ «ተመስገን» አሉ፤ አባባላቸውን እትየ ሙሉ አልወደዱትም።

አለቀ ብዬ ልተነፍስ ስል ቄሰ ገበዙ እንደገና ጢማቸውን ያዙ። «ግን ነገም ይቀደሳል» አሉ። «ያ ነገር ያልተዋት አትገባም። የተዋት ደግሞ አጥንቷ ሳስቷል ትሉኛላችሁ። እንግዲህ ማን ይፍጭልኝ?»

እኔ በዚህ ነው ደሜ የፈላው። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ የአክስቴ እጅ መሰበር ነበረበት? እትየ ዘርፌ ሰው ሆነው ገብተው ማጭድ ሆነው ሲወጡ ማን ጠየቀ? ሴት ልጅ ጉልበት ሲኖራት በሩ ይዘጋባታል፤ በሩ ሲከፈትላት ጉልበቱ ሄዷል። ይህን ሥርዓት የደነገጉትን አባቶች አልነቅፍም፤ ግን አንዳቸውም ወፍጮ ሥር እንዳልተንበረከኩ በማዕተቤ እምላለሁ። ይህን ሁሉ ያልሁት በልቤ ነው። ጮክ ብዬ ቢሆን አያ ካሳ ያውጁት ነበር።

እቴቴ ግን አፍ አላት። «ዲያቆናቱ አሉ አይደል?» አለች። «መጋገሩን ይጋግራሉ፤ መፍጨቱ ምን ያቅታቸዋል?»

ጫጫታ ሆነ። «ወንድ ልጅ ወፍጮ ሥር ሊንበረከክ?» አለ አንዱ። «ምን ዘመን መጣብን!» አለ ሌላው። ዲያቆናቱ አንዱ ከአንዱ ኋላ ለመደበቅ ተጋፉ።

«ለኅብስቱ ሲሰግድ አይንበረከክም እንዴ?» አለች እቴቴ። «እኔና እትየ እንለቅማለን፣ እናጥባለን፣ እንነፋለን። መጁን እነሱ ይግፉ።»

ቄሰ ገበዙ ወደ ፀሐይዋ አዩ። ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው። «ይሁን» አሉ።

በማግሥቱ ስንዴ ይዤ ሄጄ ከደጃፉ ቆምሁ። እቴቴ ጄሶዋን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ እትየ ዘርፌ ከአጠገቧ ወንፊት ይዘዋል። ከፊታቸው አንድ ትከሻው በር የሚሞላ ዲያቆን ተንበርክኮ መጁን ይዟል። ሁለቱ ሴቶች ሌላ ጊዜ ተነጋግረው የማያውቁትን ያህል ተስማምተው ያዝዙታል።

«አታርግፈው! ጫፉን ሰብስብ!»

«በክንድህ አይደለም፣ በወገብህ ግፋ!»

«ይኸ ዱቄት ነው ወይስ ቅንጬ? ድገመው!»

ላቡ ከግንባሩ እንዳይንጠባጠብ በጨርቅ አስረውለታል። ጥቂት ገፋ፣ ጥቂት አረፈ፤ ጥቂት ገፋ፣ ብዙ አረፈ። በመጨረሻ መጁን ለቀቀና ሁለት እጁን ወገቡ ላይ ጭኖ «ወይኔ ወገቤ! ወይኔ አጥንቴ!» ብሎ አቃሰተ።

እትየ ዘርፌ ወንፊታቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። አንገታቸውን የቻሉትን ያህል ቀና አደረጉ።

«ምነው ዲያቆን፣» አሉት፣ «አንተንም ተወህ እንዴ?»